«ሰው ጥራ»

ረዘም ያለ ፅሁፍ ነው። ጊዜ ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት፣ የሌላችሁ እለፉት፣ አልቀየምም። የድሮ ተማሪዎቼ ግን ብታነቡት ደስ ይለኛል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል።

ነገሩ የጀመረው ህዳር ላይ ነው። ህዳር ደብረ ብርሃን ላይ ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል፤ 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጠህ ጠዋት በር ስትከፍት መሬቱ ውርጭ ለብሶ ነው የሚጠብቅህ። እማዬ ቅዳሜ ጠዋት ከጓሮ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ውርጭ የያዘው ድንጋይ አዳለጣት። ድምፅ ሰምቼ ስሮጥ በጎኗ ተጋድማለች። ደግነቱ የተሰበረ ነገር አልነበረም። መነሳት ግን አቃታት፤ ጉልበቷ ከድሮም እሺ አይላትም።

እኔ እንግዲህ የ36 ዓመት ወንድ ነኝ። ወፍራም አይደለሁም፣ ቀጭንም አይደለሁም፣ ቦርጭ ቢጤ አለችኝ። ጎንበስ አልኩና እጆቼን ዘርግቼ በብብቷ ስር አስገብቼ ወደ ላይ ሳብኳት። ወገቤ ላይ የሆነ ነገር «ቀጭ» አለ። እሷም አልተነሳች፣ እኔም ቀና ማለት አቃተኝ። እንደ ጎበጥኩ ግድግዳውን ይዤ ቀረሁ። አስቡት፣ እናት መሬት ላይ፣ ልጅ ግድግዳ ላይ።

እማዬ ታዲያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«ተወኝ በቃ ልጄ፣ ሰው ጥራ።»

ክፋት የለውም። ሁላችንም የምንለው ነገር ነው። ግን እኔ ጆሮ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሰው ጥራ። እሺ፣ እኔስ ምንድነኝ?

ጎረቤት ቤት ግንብ የሚሰራ የቀን ሰራተኛ ልጅ ነበር፣ በአጥር ጠራሁት። ከእኔ ቀጭን ነው። መጣ፣ አጠገቧ ተንበረከከ፣ ወደ ደረቱ አስጠጋት፣ ተነሳ። በቃ። ምንም አላማጠም። ወንበር ላይ አስቀመጣትና ዞር ብሎ ለእኔም እጁን ዘረጋልኝ። «አይዞህ ጋሼ» አለኝ። ጋሼ!

ጤና ጣቢያ ሁለታችንም ሄድን። እማዬ ላይ ግጭት ብቻ ነው አሉ። እኔ ላይ ሀኪሙ እግሬን ወደ ላይ ወደ ታች አድርጎ መረመረኝና «ዲስክ አይመስለኝም፣ ጡንቻ ነው። ከሁለት ቀን በላይ እንዳትተኛ፣ ቀስ እያልክ ተንቀሳቀስ» አለኝ። እኔ አንድ ወር ተኛ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ልወጣ ስል «ስትድን ደግሞ ወገብህን አጠንክር፣ አለበለዚያ ተመልሰህ ትመጣለህ» አለኝ። በምን አጠንክር? «በስራ ነዋ። ክብደት አንሳ።»

ክብደት አንስቼ የተጎዳሁትን ሰውዬ ክብደት አንሳ ይለኛል። ያኔ ቀልድ መሰለኝ።

ለመጀመር ሁለት ወር ፈጀብኝ። የጊዜ ጉዳይ ነው እንዳልላችሁ፤ የእፍረት ጉዳይ ነው። የምኖርበት ሰፈር ውስጥ ከአንድ ግቢ ጀርባ ጂም አለ። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ በበሩ አልፋለሁ። ሙዚቃው መንገድ ድረስ ይሰማል። ውስጥ ያሉት ግማሾቹ ተማሪዎቼ ናቸው፣ ግማሾቹ ተማሪዎቼ የነበሩ። መምህር በቁምጣ! ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ «ዝም በሉ» የምላቸው ልጆች 10 ኪሎ ስታቃትተኝ ሊያዩ ነው። ሰኞ እጀምራለሁ፣ ከገና በኋላ እጀምራለሁ፣ ከጥምቀት በኋላ እጀምራለሁ። ያው የሚያውቁኝ ያውቁታል፤ በዲፕሎማ እያስተማርኩ ዲግሪውን በክረምት እማራለሁ እያልኩ ስንት ክረምት እንዳለፈ።

ደግሞ ሌላም ነገር አለ። እኛ የሯጭ ሀገር ሰዎች ነን። አበበ ቢቂላ የተወለደበት ጃቶ ከእኛ ብዙም ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈ ሰው ያደገበት አካባቢ ሰው ሲሮጥ ብታይ «ጎበዝ» ትላለህ። ብረት ሲገፋ ካየህ ግን «ይሄ ዱርዬ ማንን ሊደበድብ ነው» ነው የምትለው። እኔም እንደዛ ነበር የማስበው፣ አልዋሽም። ጂም የሚሄድ ተማሪ ሳይ ውስጤ «ይሄ ልጅ ትምህርቱን ሊተው ነው» ይለኝ ነበር። ይህቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ከጥምቀት በኋላ በአንድ ማክሰኞ ገባሁ። ጂም ስላችሁ የአዲስ አበባውን መስታወት በመስታወት የሆነውን እንዳታስቡ። በቆርቆሮ የተከደነ አንድ ክፍል ነው። መሬቱ ላይ አሮጌ ምንጣፍ። ግድግዳው ላይ የአርኖልድ ሽዋዚንገር ፎቶ፣ ከጎኑ የቅድስት ማርያም ስዕል። አንድ ሁለት ትክክለኛ ብረት አለ፤ የቀረው የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ተሞልቶ የውሃ ቧንቧ የተሰካበት ነው። የከባድ መኪና ጊር ጥርስም አለ፣ እሱ ለጎበዞች ነው። በወር 600 ብር።

በዚያን ቀን ባለቤቱ አልነበረም። የተቀበለኝ የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። «ቲቸር!» ብሎ ሙዚቃውን ቀነሰ፣ ሁሉም ዞር ብሎ አየኝ፣ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እና ምን አደረግኩ? እንዳላንስ ብዬ እሱ የሰራውን ሁሉ ሰራሁ። ደረት፣ ክንድ፣ ትከሻ፣ ስኳት፣ ሆድ። አንድ ሰዓት ከምናምን። ስወጣ ጀግና ነበርኩ። «ይሄ ነው እንዴ የፈራሁት?» እያልኩ ፓስቲ ገዝቼ እየበላሁ ገባሁ።

በማግስቱ ሙሉ በሙሉ አልነበረም ችግሩ። ሀሙስ ነው ጉዱ። ጠዋት ሸሚዝ መልበስ አቃተኝ፣ እማዬ ናት እጅጌውን ያለበሰችኝ። ክፍል ገብቼ ጠመኔ ይዤ እጄን ወደ ሰሌዳ ሳነሳ ክንዴ ደረቴ አካባቢ ቆመ። ግራ እጄን ከስር ደግፌ ፃፍኩ። ዝቅ ብዬ፣ የሰሌዳው ታችኛው ጠርዝ ላይ። ከኋላ አንዱ «ቲቸር አይታይም!» ይላል። ሽንት ቤት መቀመጥ ምን እንደሚመስል ደግሞ አልነግራችሁም፤ የእኛ ሽንት ቤት ምን አይነት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፣ ስኳት የሰራ ሰው ይገባዋል።

ለጀማሪ አንድ ነገር ብቻ ንገር ብትሉኝ ይሄን ነው የምነግረው። ያልለመደ ጡንቻ ሲሰራ በጥቃቅኑ ይጎዳል። ህመሙ ወዲያው አይመጣም፤ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሚብሰው። እኛ ሰፈር «አሲድ ነው፣ ስኳር ውሃ ጠጣ» ይላሉ፤ አሲዱ ከሰራህ በኋላ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ከደምህ ይጠፋል፣ በሶስተኛው ቀን የሚያምህ እሱ አይደለም። የመጀመሪያ ቀን «ይሄን ብቻ?» ብለህ አፍረህ ከወጣህ በትክክል ሰርተሃል። እኔ ጀግና ሆኜ ስለወጣሁ ስምንት ቀን ጠፋሁ። ብዙ ሰው እዚች ጋ ነው የሚቀረው መሰለኝ። ወሩን ከፍሎ አንድ ቀን ሄዶ የቀረ ስንት ሰው እንዳለ እዚያ ቤት ያለውን ደብተር አይቻለሁ።

ስመለስ ባለቤቱ ነበር።

ስሙን እንዳልጠራ አስምሎኛል፣ የሚያውቀው ያውቀዋል። ከሰባት ዓመት በፊት 10ኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። በር ላይ ሲያየኝ ከተቀመጠበት ተነሳ። «ቲቸር፣ ይግቡ። ባለፈው መጥተው ነበር አሉኝ፤ ልጆቹ አጠፉ፣ ይቅርታ» አለኝ። ፊቱን አወቅኩት፣ ስሙ ጠፋኝ። ትንሽ ቆይቶ ስሙ ሳይሆን ሌላ ነገር መጣልኝ። እሱን ስላስታወስኩ ሆዴ ቁርጥ አለ፤ ቆይ እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ብረት አላስነካኝም። መወልወያ እንጨት ነው የሰጠኝ። ቀልዴን አይደለም። እንጨቱን በጀርባዬ አጋድሞ ጭንቅላቴን፣ የትከሻዬን መሀልና የቂጤን አጥንት እንዲነካ አደረገና «አሁን እንጨቱ ሳይለቅ ከዳሌዎ ይጎንበሱ» አለኝ። ከዳሌ መጎንበስ! 36 ዓመት ሙሉ ከወገቤ ስጎነብስ ኖሬያለሁ ለካ። ለስኳት ደግሞ አግዳሚ ወንበር አምጥቶ መቀመጥና መነሳት። ሶስት ጊዜ አስር አስር። ሌሎቹ እዚያ ጊር ጥርስ ያነሳሉ፣ ቲቸር እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጣል ይነሳል።

አንዴ አንዱ ጎረምሳ ሳቀ። ባለቤቱ ሙዚቃውን አጠፋ። ጮኾ አልተቆጣም። «እዚህ ቤት ጀማሪ ላይ አይሳቅም። የሳቀ ወጥቶ አስር ደቂቃ ይቆማል» አለ። ልጁ ወጥቶ ቆመ። ያ ብርድ ላይ። ህጉ ለእኔ የወጣ መስሎኝ ነበር፣ ግን ግድግዳው ላይ በማርከር ተፅፏል፤ ቆይቶ የደበዘዘ ፅሁፍ ነው።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ። እዚያ ቤት ሰው ሁሉ ላይ የሚጮኸው «ግፋ! ግፋ! ውረድ! አንድ ጨምር!» እያለ ነው። እኔ ጋ ሲደርስ «ይግፉ! ይግፉ ቲቸር! ዝቅ ይበሉ! አንድ ይጨምሩ!» ይላል። በአክብሮት እየተጮኸብኝ ነው የሰራሁት። አንተ በለኝ ብዬ ለምኜው እምቢ ብሏል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው ዴድሊፍት ያስጀመረኝ፤ ከመሬት ብረት ማንሳት ማለት ነው፣ ያው ያን ቅዳሜ እማዬን ለማንሳት የሞከርኩት እንቅስቃሴ። 20 ኪሎ። «ብረቱን ወደ እግርዎ ያስጠጉ። ቅልጥምዎን ይንካ። ከራቀ ወገብዎን ይበላዋል» አለኝ። እዚች ላይ ነው ቆሜ የቀረሁት።

ፊዚክስ የማትወዱ ትንሽ ታገሱኝ። 11 ዓመት ቶርክ አስተምሬያለሁ። የበር እጀታ ከማጠፊያው የራቀው ለምንድነው፣ ኃይል ሲባዛ በርቀት፣ ስንት ጊዜ ፈተና ላይ አውጥቼዋለሁ። ያን ቀን ወገቤ ላይ የሆነውን ግን አስልቼው አላውቅም ነበር። ማታ ቤት ገብቼ አሰላሁት። እጄ ላይ ያረፈው የእማዬ ክብደት 50 ኪሎ ነው እንበል፣ 500 ኒውተን መሆኑ ነው። እጆቼን ዘርግቼ ስለነበር ከወገቤ 40 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። 500 ሲባዛ በ0.4፣ 200 ኒውተን ሜትር። ይህን የሚሸከመው የጀርባ ጡንቻ ደግሞ ከአከርካሪው ያለው ርቀት 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። 200 ለ0.05 ሲካፈል 4,000 ኒውተን። 400 ኪሎ። አራት ኩንታል ጤፍ ወገቤ ላይ ጭኜ ነበር፣ የራሴ የላይኛው አካል ክብደት ሳይቆጠር። ያ የቀን ሰራተኛ ልጅ ሲንበረከክና ወደ ደረቱ ሲያስጠጋት ርቀቱን በግማሽ ቀነሰው፤ ሸክሙም በግማሽ ቀነሰ። እሱ ፊዚክስ ይማር አይማር አላውቅም። እኔ ግን አስተማሪው ነኝ፤ መሬት ላይ ተጎትቼ የቀረሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

አሁን 9ኛ ክፍል ይህን ምሳሌ ነው የምሰጠው። ልጆቹ በሩን ረስተውታል፣ ወገቡን ግን አይረሱም።

ክብደት የምንጨምርበት መንገድ ሌላ ታሪክ ነው። የጣሳው ሲሚንቶ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ በአንዴ 5 ኪሎ፣ 8 ኪሎ ነው የሚዘለው። ለጀማሪ ብዙ ነው። ሰውነት የሚጠነክረው ትንሽ ትንሽ እየተጨመረበት ሲሄድ ነው፣ ሲዘለል ወይ ይሰናከላል ወይ ይጎዳል። እኔ ታዲያ አንድ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ደረቅ አሸዋ ብንሞላስ አልኩ። የአሸዋ እፍጋት በሊትር 1.6 ኪሎ ገደማ ነው። ግማሽ ሊትሩ 0.8። በግራና በቀኝ አንድ አንድ ግማሽ ሊትር ስታስር 1.6 ኪሎ ጨመርክ። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ (ጀማሪ ላይ አይሳቅም እንጂ ሃይላንድ ላይ ይሳቃል)፣ አሁን ግን ሁሉም ነው የሚጠቀምበት። እዚያ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር የረባሁት ያኔ ነው መሰለኝ።

በስድስት ሳምንት ከ20 ወደ 42 ኪሎ ገባሁ። እጥፍ። ክንዴን በሜትር ስለካው ግን ያው ነው፣ ሚሊ ሜትር አልጨመረም። ተናደድኩ። «መጀመሪያ የሚጠነክረው ጡንቻው አይደለም ቲቸር፣ ነርቩ ነው። አእምሮዎ ያሎትን ጡንቻ መጥራት እየተማረ ነው። ስጋው በኋላ ይመጣል» አለኝ። ሄጄ አነበብኩ፣ ልክ ነው። መጥራት አለ። ሰው ጥራ፣ ጡንቻ ጥራ።

ከዚያ ዓቢይ ፆም ገባ። 55 ቀን። እዚህ ጋ ምክር የሌለው ሰው አልነበረም። የመምህራን ማረፊያ ውስጥ «በፆም ብረት? ትሞታለህ እኮ» ያላለኝ የለም። ሰኞ ረቡዕ ዓርብ የነበረውን ከድሮም ማክሰኞ ሀሙስ ቅዳሜ አድርገነው ነበር፣ በፆሙ ጊዜ ግን ሁሉም ቀን ፆም ነው። ሰዓቱን ወደ ማታ አዞርኩት፣ ከምግብ በኋላ። ለምግቡ ደግሞ ያው የቤታችን ነገር ነው፤ ምስር፣ ሽሮ፣ የተቀቀለ ባቄላ፣ ፉል፣ ቆሎ ከለውዝ ጋር፣ በሶ። 100 ግራም ደረቅ ምስር ውስጥ 24 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለ፣ አንድ እንቁላል ውስጥ 6 ግራም። በቆርቆሮ የሚሸጠውን ዱቄት በመምህር ደሞዝ መግዛት የማይታሰብ ነው፤ ለጀማሪም የግድ አይደለም። እማዬ «ምነው ምስር ወደድክ?» አለችኝ። ሁለት ጭልፋ ጨምሪልኝ ነው መልሱ። ክብደት የምጨምርበት ፍጥነት በፆሙ ቀነሰ፣ ግን አልቆመም። በሁለት ሳምንት አንዴ አንዲት ጥንድ ሃይላንድ።

አሁን ወደዚያ ነገር ልመለስ። ስፅፈው ሁለት ቀን አቆይቶኛል።

ያ ልጅ ተማሪዬ እያለ ፊዚክስ አይገባውም ነበር። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ አውጥቼ ጥያቄ ሰጠሁት። ቆመ። ጠመኔውን ይዞ ቆመ። ያኔም ሰውነቱ ጠንከር ያለ ነው፣ ጂም እንደሚሄድ አውቃለሁ። እኔም ክፍሉን አስቄ ልዝናና ብዬ «ተወው፣ አንተን የሚያበላህ ጭንቅላትህ ሳይሆን ጉልበትህ ነው» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። እሱ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀምጦ ሄዶ ተቀመጠ። ያን ቀስታውን ነው በር ላይ ያስታወስኩት።

ሁለት ወር አብሬው ስሰራ አንድም ቀን አላነሳውም። እኔ ስሳሳት «ተሳሳቱ» እንኳ አይለኝም። «ድጋሚ» ይላል፣ ክብደቱን ይቀንሳል፣ ድጋሚ። ለአስራ አንደኛ ጊዜ ስሳሳት ድምፁ ከመጀመሪያው ጊዜ ድምፁ አይለይም። እኔ እኮ ክፍል ውስጥ ሶስተኛ ጊዜ ካስረዳሁ በኋላ ድምፄ ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ። እናንተም ታውቁታላችሁ።

በፆሙ አጋማሽ አንድ ማታ ሰው ሁሉ ሄዶ ሁለታችን ቀረን። ብረት እየሰበሰብን ነበር። አወጣሁት። «ያን ቀን ሰሌዳ ላይ ያልኩህን ታስታውሳለህ?»

ጣሳውን መደርደሩን አላቆመም። «አስታውሳለሁ ቲቸር።»

ዝም አልን።

«ከዛ በኋላ የእርስዎ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሽንት ቤት ገብቼ እቆይ ነበር» አለ። «እስከ ዓመቱ መጨረሻ። ስም ስለማይጠሩ አላወቁም።»

እውነት ነው፤ 70 ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ ስም አልጠራም ነበር። ጉልበቱ ነው ያበላው፣ እኔ እንዳልኩት ሆነ ብትሉ፣ አይደለም። ይሄ ልጅ ስለ ሰውነት ያነበበውን እኔ ስለ ፊዚክስ አላነበብኩም። ከወፍጮ ቤት ሚዛን ተውሶ እያንዳንዱን ጣሳ መዝኖ ቁጥር ፅፎበታል። ለያንዳንዳችን ደብተር አለው፣ ቀን፣ ክብደት፣ ስንት ጊዜ፣ እንቅልፍ ስንት ሰዓት። እኔ ላብራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት ነው እያልኩ ስማረር አንድም ነገር አስለክቼው አላውቅም።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት።

«እሺ» አለኝ።

«ምንም አይደል» አላለኝም። «ኧረ ቲቸር፣ ያለፈ ነገር ነው» አላለኝም። እሺ። ይሄን ቃል ብዙ ቀን አሰብኩበት፤ ምንም አይደል ቢለኝ ኖሮ ምናልባት እተኛ ነበር። ከዛ መብራቱን እያጠፋ «ሀሙስ እግር ነው፣ እንዳይቀሩ» አለኝ።

እናንተ ሌሎቻችሁ፣ እኔ የረሳሁት እናንተ ያልረሳችሁት ነገር ካለ በውስጥ መስመር ፃፉልኝ። ሰበብ አልደረድርም። 70 ልጅ፣ ደሞዝ፣ ምናምን አልልም። አነበዋለሁ።

ልጀምር ለምትሉ ደግሞ በአጭሩ፤ ብዙዎቻችሁ ሰሞኑን ፎቶዬን አይታችሁ ጠይቃችሁኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ስራ ይመክራል፣ ለወንድም ለሴትም። ሶስት ቀን ከሰራችሁ በቂ ነው፣ በመሀል አንድ ቀን እረፉ። ጂም ካፈራችሁ ቤት ውስጥ በወንበር መቀመጥ መነሳት፣ ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ፣ ከዚያ መሬት። የሰራችሁትን ፃፉ። ደም ግፊት ወይ የልብ ችግር ያለባችሁ መጀመሪያ ሀኪም ጠይቁ፣ ሲያነሱ ትንፋሽ አፍኖ መያዝ ግፊት ይጨምራል። ሰው የሚወጋችሁን ወይ በፌስታል የሚሸጥላችሁን ነገር አትንኩ። እኔ ጡንቻ አላወጣሁም፣ ቦርጬም ሙሉ በሙሉ አልሄደችም፣ ሸሚዜ ትከሻው ላይ ትንሽ ጠበበኝ፣ በቃ። ዴድሊፍት 70 ኪሎ ደርሻለሁ። ለጎረምሶቹ ማሟሟቂያ ነው።

እማዬ ደህና ናት። ዱላ ይዛለች፣ ዱላውን አትወደውም። በዚያ ሰሞን ጤና ጣቢያ የነበረች ነርስ የወደቀ ሰው እንዴት እንደሚነሳ አሳይታኝ ነበር፤ ጎትተህ አይደለም፣ መጀመሪያ የተሰበረ ነገር እንዳለ ጠይቅ፣ ከዚያ በጎኑ፣ ከዚያ በጉልበቱ፣ ፊቱ ወንበር አስቀምጥለት፣ እሱ ራሱ ይነሳ፣ አንተ አግዝ። ጉልበት ብቻ አይደለም ማለት ነው። ባለፈው ሳምንት ቡና አፍልታ ከበርጩማው ላይ መነሳት አቃታት። እህቴም ነበረች፣ ጎረቤትም ነበረ። እጇን ወደ እኔ ነው የዘረጋችው። ተንበረከክኩ፣ አስጠጋኋት፣ ተነሳሁ።

«ቀስ በል እንጂ፣ ጆንያ አደረግከኝ እንዴ!» ብላ ተቆጣችኝ።

ይህን ፅሁፍ ከመለጠፌ በፊት ሄጄ ለዚያ ልጅ አነበብኩለት። ስለ እሱ ስለሆነ ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ ብዬ። እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ሰማኝ። የሰሌዳው ታሪክ ላይ ይቆጣል ወይ ይቆጨዋል ብዬ ፊቱን አያለሁ፣ ምንም። ስጨርስ ትንሽ አሰበና፦

«ቲቸር፣ አሸዋው ላይ ግን ተሳስተዋል። አንድ ሊትሩ 1.6 አይደለም። እኔ ወፍጮ ቤት ስመዝነው 1.5 ነው የመጣው። ሲሞላ ስላልተጠቀጠቀ ነው።»

ተከራከርኩት። ሚዛኑ ነው አልኩት። ሁለት ሃይላንድ ይዘን ወፍጮ ቤት ድረስ ሄድን። መዘንነው።

1.5።